የዛሌሲ ሰባት ድራሆሚራዎች

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ውሃው በቱቦው ውስጥ መጥቶ ሲመታኝ አፈሙዙን ለቀቅኩት። ሆን ብዬ አይደለም፤ ከእጄ ዘሎ ወጣ። ቱቦው ሣሩ ላይ እንደ ዓሣ እየተገላበጠ ዳኛዋን አራሰ፣ ከንቲባችንን አራሰ፣ ከንቲባው የያዘውን ቢራም አቀጠነው። ዳኛዋ ፊቷን እየጠረገች ቀይ ባንዲራ አነሳች። ነጭ ባንዲራ ሙከራው ይቆጠራል ማለት ነው። ቀይ ከሆነ ሰባት ሴቶች የሮጡት ሁሉ እንዳልተሮጠ ይሆናል።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በዛሌሲ መንደር “ትንሿ” እየተባልኩ አንድ ዓመት ኖርኩ።

ትክክለኛ ስሜ ድራሆሚራ ነው። ይህ ግን እኛ መንደር ውስጥ ለማንም ምንም አይነግርም። ዛሌሲ ሦስት መቶ አሥር ሰው ይኖርባታል፤ ከእነዚህ ውስጥ አሥራ አራቱ ድራሆሚራ ናቸው። ጥፋቱ የአንዲት አዋላጅ ነው። አሮጊቷ ድራሆሚራ ሶውችኮቫ ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ፣ በበጋ በሞተር ብስክሌት በክረምት በበረዶ መንሸራተቻ፣ ከቤት ቤት እየዞረች የአካባቢውን ሕፃናት ሁሉ ተቀብላለች። ለመጀመሪያ ሴት ልጅ የእሷን ስም ማውጣት እንደ ደንብ ተያዘ። ማንም አላዘዘም፣ ማንም አልተቃወመም። በኋላ እናቶች ከተማ ሆስፒታል ሄደው መውለድ ሲጀምሩ ስሙ እንደተዘጋ ቧንቧ ቀጥ አለ። የመጨረሻዋ እኔ ነኝ። የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በየካቲት፣ አምቡላንሱ ከእንጨት መሰንጠቂያው ጀርባ በረዶ ውስጥ ተቀርቅሮ ቀረና አዋላጇ በሰማንያ አራት ዓመቷ ካፖርቷን ደርባ መጣች። አባቴ ሌላ ስም አዘጋጅቶ ነበር። “አፌን ከፈትኩ” ይላል። “አየችኝ። ዘጋሁት።”

ስለዚህ ሱቃችን ውስጥ “ድራሆሚራ!” ብሎ መጣራት ዋጋ የለውም። ዳቦው ጋ የቆሙት አራት ሴቶች ይዞራሉ፤ ባለሱቋም ትዞራለች። በቤተሰብ ስም እንዳይጣሩ የመንደሩ ግማሽ ፖኮርና ነው። መፍትሔው የመጣው ከእሳት አደጋ ቡድኑ ነው።

እንደ ማንኛውም መንደር እኛም የበጎ ፈቃድ እሳት አደጋ ቡድን አለን፤ በጋ ሲመጣ ከጎረቤት መንደሮች ጋር እንወዳደራለን። ገንዳ ሙሉ ውሃ አለ፣ ፓምፕ አለ፣ የቱቦ ክምር አለ፣ ከሰባ ሜትር በላይ ርቀት ላይ ሁለት ኢላማዎች አሉ። የመነሻው ተኩስ ሲሰማ ሰባት ሰው ቱቦዎቹን ቀጣጥሎ፣ ውሃውን ከገንዳው ስቦ፣ ኢላማዎቹ መሐል ባሉት ቀዳዳዎች ማስገባት አለበት። የሴቶቹ ቡድን ሲቋቋም ሰባቱም ድራሆሚራ ሆነው ተገኙ። አንድ ጊዜ አሠልጣኙ “ድራሆሚራ፣ ተመለሺ!” ብሎ ጮኸ አሉ፤ ሰባቱም ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዷ በሥራዋ ትጠራለች።

ፓምፑን የምታንቀሳቅሰው ሞተር ነች። ወፍራሙን ቱቦ ገንዳው ውስጥ የምትነክረው መምጠጫ። ጠጠርና ቅጠል እንዳይገባ የዚያ ቱቦ ጫፍ ላይ የብረት ማጣሪያ የምታጠብቀው ቅርጫት። ከዚያ ዋና ቱቦ፣ ማከፋፈያ፣ በመጨረሻም ሁለቱን አፈሙዞች ይዘው የሚሮጡት ቀኝ እና ግራ። ስሞቹ ከሜዳው ወጥተው ቤት ገቡ። ፖስተኛው እሽግ ላይ “ለቅርጫት” ብሎ ይጽፋል። ማከፋፈያ ልጇን ስትድር የሠርግ ጥሪው ላይ “ማከፋፈያ እና ባለቤቷ” ተብሎ ታተመ፤ የከተማ ዘመዶቿ የድርጅት ስም መስሏቸው ነበር።

ይህን ስም የሚያድል ሰው የለም፤ ሥነ ሥርዓትም የለውም። መጀመሪያ ነጭ ባንዲራ በተነሳለት ሙከራ ውስጥ መሮጥ አለብሽ። ከዚያ አንድ ቀን ማዕድ ላይ ከሴቶቹ አንዷ ሳታስበው በዚያ ስም ጠርታሽ አንድ ነገር አቀብዪኝ ትልሻለች። ማንም ካልሳቀ ስሙ ያንቺ ነው።

እኔ የፈለግኩት “ግራ” መባልን ነበር። ዓይናፋር ስለሆንኩ ለማንም አልተናገርኩም፤ ሁሉም ግን ያውቁ ነበር። የምሠራው ከተማ፣ መነጽር ሱቅ ውስጥ ነው፤ ስሜ ደረቴ ላይ ተለጥፎ ይውላል። ከሰባ ዓመት ያለፉ ደንበኞች አዲሱን መነጽራቸውን አድርገው ያነቡትና “ውይ! እንደ ሟች እህቴ!” ይሉኛል። የአሥራ ሦስት ጎረቤቶችና የአንዲት ሟች እህት ስም ተሸክሜ እዞራለሁ። ለራሴ ብቻ የሆነች አንዲት ቃል አማረችኝ።

ዘንድሮ የመጨረሻ ዕድሌ ነበር። ግራ ራሷ የጉልበቷ ጅማት ከተቀደደ ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ በእሷ ቦታ የምሮጠው እኔ ነኝ። ከቀሩት ድራሆሚራዎች አንዷ ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው፣ አንዷ ደግሞ ሩጫ የሰይጣን ሥራ ነው ትላለች። ሞተር ግን በሰኔ ልምምድ ላይ ቁርጡን ነገረችኝ፤ እሷ ማባበል አታውቅም።

“ዘንድሮም ቀይ ከሆነ በሚቀጥለው ዓመት የቀኝን ዋርሳ ኢቫናን እናስገባለን። የእጅ ኳስ ተጫዋች ናት፤ ክንዷ የበር መቀርቀሪያ ነው የሚያክለው። ስሟ ኢቫና መሆኑን እንደምንም እንችለዋለን።”

ሞተር ስልሳ ሰባት ዓመቷ ነው። መንገድ ላይ ሳገኛት “አክስቴ፣ እንዴት አሉ?” እላታለሁ። ቱታውን ስንለብስ ግን ሁላችንም “አንቺ” ነን። “‘ይጠንቀቁ፣ አክስቴ’ ብለሽ እስክትጨርሺ ውሃው ደርሶ ያልፋል” ትላለች።

የስም ቀናችን፣ ድራሆሚራ የምትባል ሁሉ የምትከበርበት ቀን፣ ሐምሌ ላይ ነው፤ ውድድሩም በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ይደረጋል። የዚያን ቅዳሜ ጠዋት ከንቲባው አሥራ አራት አንድ ዓይነት እቅፍ አበባ በእጅ ጋሪ እየገፋ ቤት ለቤት ዞረ። እኛ ቤት ሲደርስ አበባዬን ሰጥቶኝ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

“ዘንድሮ ጥሩ ኮቴን አልለበስኩም” አለ። “ለማንኛውም።”

እሳት አደጋ ጣቢያው ግቢ ስደርስ ግራ ከመግቢያው አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ክራንቿን ጭኗ ላይ አጋድማ ጠበቀችኝ። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሃያውን ዓመት በግራ በኩል ሮጣለች።

“ትንሿ፣ ነይ ወዲህ። አፈሙዙን የት ነው የምትይዢው?”

“ብብቴ ሥር።”

“እንዴት አድርገሽ?”

“እንደሚፈራገጥ ዝይ።”

“ከዚያስ?”

“እንበረከካለሁ። አልለቅም።”

“ውሃው ቢጥልሽስ?”

“አልለቅም።”

“ባልሽ ቢሞትስ?”

“ባል የለኝም።”

“ጎሽ፣ አንድ ሐሳብ ቀነሰልሽ።” ክራንቿን አንስታ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ። “ስሚኝ ደግሞ። ውሃውን አስገቢልን፣ እሰየው ነው። ግን ስሜን እንዳትወስጂብኝ። የተቀደደው ጉልበቴ ነው፤ እኔ አልተቀደድኩም።”

እየሳቀች ነበር የተናገረችው፤ ዓይኖቿ ግን አልሳቁም። ጆሮዬ ሲግል ተሰማኝ። ከውስጥ ጩኸት ተሰማና ወደዚያ ሮጥኩ።

የጮኸችው ቅርጫት ነበረች። የመንደሩ ፖስታ ቤት ሠራተኛ ናት፣ ሃምሳ ስምንት ዓመቷ፤ በምሳ ሰዓት የሚሸጠውን የፕለም ኬክ ከሳህን ሳህን ስታዛውር ተርብ አውራ ጣቷን ነድፏት ኖሯል። የቀኝ እጇ አውራ ጣት ዓይናችን እያየ እንደ ቲማቲም አበጠ።

“ማጠፍ ትችያለሽ?” አለች ሞተር።

“ለምኑ?”

“ለምኑ ትለኛለች! ማጣሪያውን በምንሽ ልታጠብቂው ነው? የኢላማዎቹ መብራቶች በርተው ሁሉ ነገር አልቆ እንኳን፣ ቱቦው ከገንዳው ሲወጣ ማጣሪያው ጫፉ ላይ ከሌለ ቀይ ነው።”

“እኔን ነው የምታስተምሪኝ? ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ጊዜ አልጣልኩም።” ቅርጫት ያበጠውን ጣቷን በረዶ ውስጥ ከተተችና በሌላኛው እጇ ኬኩን ማደሏን ቀጠለች። “ዘጠኝ ጣት አለኝ። ማጣሪያ ለማጥበቅ ይበቃል።”

ሜዳው ላይ ሰው ሞልቶ ነበር። የተጠበሰ ቋሊማ ጭስ፣ ቢራ፣ በድምፅ ማጉያው የሚጮኸው ቭላስቲሚል። ቭላስቲሚል በሥራ ቀን አሳማ ያረባል፤ በውድድር ቀን ግን ማይክ ከያዘ የሚነጥቀው የለም። ስምንት የሴት ቡድኖች ነበሩ። አምስተኛ ሆነው የገቡት የሁርካ መንደር ልጆች በሃያ ሰከንድ ከምናምን ጨረሱ፤ ሁሉም ጸጉራቸውን በአንድ ዓይነት ሹሩባ የተሠሩ፣ ሁሉም ከሃያ አምስት ዓመት በታች። እየወጡ ሳለ አንዷ በአጠገባችን አለፈች።

“አክስቶቼ፣ አምቡላንስ ልጥራ?” አለች።

“ጥሪ፣ ልጄ” አለች ሞተር ቱታዋን እየቆለፈች። “ለራስሽ። የእኛ ውሃ የት እንደሚደርስ አይታወቅም።” አውራ ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች። “ባለፈው ዓመት አፈሙዙን የያዘችው ይቺው ናት።”

የሁርካ ልጅ ፈገግታዋ ጠፋና ፈጠን ብላ ሄደች።

“እንግዲህ ስድስተኛ ወደ መስመሩ የመጡት” አለ ቭላስቲሚል በድምፅ ማጉያው፣ “የዛሌሲ ሴቶች ናቸው! ሞተር ላይ ድራሆሚራ! ማጣሪያው ላይ፣ ገምቱ እስኪ፣ ድራሆሚራ! ዳኛ ሆይ፣ ዝርዝሩን ቢያጡት አይጨነቁ፣ አንድ መስመር ጽፈው ሰባት ጊዜ ይድገሙት!”

ዕቃችንን እንጨት መድረኩ ላይ ለማዘጋጀት አምስት ደቂቃ አለን። ምንም ነገር አስቀድሞ ማያያዝ አይፈቀድም፤ ሁሉም ተለያይቶ፣ የመጋጠሚያዎቹ ጥርስ እንዳይነካካ በጣት ስፋት ርቀት ይቀመጣል። እኔ ይህን አምስት ደቂቃ እወደዋለሁ። አፈሙዜን አስቀመጥኩት፣ መልሼ አነሳሁት፣ የቱቦዬን እጥፋት በመዳፌ አስተካከልኩት። ከጎኔ ቅርጫት ማጣሪያውን በግራ እጇ ይዛ አየር ላይ እያዞረች ትለማመዳለች። ከንፈሯን ነክሳለች።

“ያምሻል?” አልኳት።

“ዝም በይና ወደ ፊት እዪ።”

ዳኛዋ፣ ባለፈው ዓመት ያራስኳት ያችው ቀጭን ሴትዮ፣ ዝናብ ካፖርት ለብሳ መጥታለች። ሰማዩ ላይ አንድ ደመና አልነበረም። ስታየኝ ቁልፎቿን እስከ አንገቷ ዘጋች።

“ተዘጋጁ!”

 ቋሊማው ሲንጫጫ ይሰማል።

ተኩሱ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በእግሬ ነው የማስታውሰው። መድረኩ ላይ አፈሙዜንና ቱቦዬን አፈስኩ፣ ዘለልኩ፣ ሣር፣ ሣር፣ ሣር። ከኋላዬ ብረት ከብረት ሲጋጭ፣ ሞተር ስትሳደብ፣ መምጠጫ “ግፊ! ግፊ!” ስትል፣ ወፍራሙ ቱቦ ገንዳው ውስጥ ቧ ብሎ ሲገባ ይሰማኛል። ቀኝ በቀኜ ትሮጣለች። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፣ መንታ የልጅ ልጆች አሏት፣ እንደ ፈረስ ታለከልካለች። ማከፋፈያ በመሐላችን አልፋ ባለ ሦስት አፉን ብረት መሬት ላይ ጣለችው። ቱቦዬን አያያዝኩ። ቀጭ አለ። ያን ድምፅ ዓመቱን ሙሉ በሕልሜ ስሰማው ነበር። ተነስቼ ሮጥኩ፣ ቱቦው ከኋላዬ እየተዘረጋ ተከተለኝ፣ መስመሩ ላይ ደርሼ ተንበረከክኩ፣ አፈሙዙን ብብቴ ሥር ወተፍኩት።

ውሃ የለም።

“ውሃ!” አለች ቀኝ።

ዘወር ብዬ አላየሁም። ግራ ያስተማረችኝ ነው፤ ዘወር ያለች ሴት ስትመታ ትወድቃለች። የሞተሩ ድምፅ ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ፣ እንደገና ከፍ አለ። ከዚያ ጠፍጣፋው ቱቦ በሣሩ ላይ ወደ እኔ እያበጠ ሲመጣ በጎን ዓይኔ አየሁት።

መታኝ። ወደ ኋላ አንድ ስንዝር ነዳኝ። ጉልበቴ ሣሩን ላጠው። ክርኔን ጎድኔ ላይ አጣበቅኩት፤ ዝይው ተፈራገጠ፤ አልለቀቅኩም። የመጀመሪያው ውሃ በኢላማው ላይ አለፈ። አወረድኩት። የጣውላውን ጠርዝ መታ፣ ተረጨ። ትንሽ ወደ ቀኝ። ትንሽ ወደ ላይ። ቀዳዳዋ የቡጢ ያህል ናት፤ አሥር ሊትር ሲገባባት ከላይ ያለው መብራት ይበራል። ውሃው እዚያ ጥቁር ክብ ውስጥ ሲጠፋ አየሁት። መርጨቱን አቆመ። ዝም ብሎ ገባ፣ ገባ፣ ገባ።

“የቀኝ መብራት!” አለ ቭላስቲሚል። “የቀኝ መብራት በርቷል! ግራስ? ግራስ? ያቺ ልጅ ዘንድሮ የማንንም ቢራ አላበላሸችም! ግራ...”

የእኔ መብራት በራ።

“ሠላሳ አንድ ሰከንድ ከአርባ ስምንት!”

ይህ ጊዜ ስምንተኛ ለመውጣት እንኳን የሚያሳፍር ነው። ማንም ግድ አልሰጠውም። ቀኝ አፈሙዟን ጥላ አቀፈችኝ፣ ማከፋፈያ ከሁለታችንም በላይ አቀፈችን፣ ከንቲባው አጥሩን ዘሎ መጣ። ግራ ክራንቿን ከወንበሯ ላይ ወደ ሰማይ ወርውራ በኋላ “ክራንቼን አምጡልኝ!” እያለች ስትጮህ ሰማሁ። በእግሬ መሬት ሳልረግጥ ወደ ገንዳው ተሸክመው ወሰዱኝ።

ልማዱ ነው፤ ጥሩ የሠራ ሰው ገንዳው ውስጥ ይጣላል። የሚጣለው ግን ነጭ ባንዲራ ከተነሳ በኋላ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ የጠበቁ ሴቶች ባንዲራ እስኪነሳ አልጠበቁም።

ውሃው በረዶ ነበር። ጠለቅኩ፣ ወጣሁ፣ ደረቴ ድረስ ቆምኩ። ሰው ሁሉ ያጨበጭባል። ያን ጊዜ እግሬ ብረት ነካ።

ማጣሪያው ነበር። ቱቦው ጫፍ ላይ አንገቱን ደፍቶ ወደ ጎን ተንጠልጥሏል። ውሃው ውስጥ በእጄ ዳሰስኩት። አራት ዙር ነው የሚጠብቀው፤ የያዘው ግን አንድ ዙር ነው፣ እሱም ሙሉ አይደለም። በጣቴ ሲነካ ይወዛወዛል።

ቀና ስል ቅርጫት የገንዳው ጠርዝ ላይ ቆማለች። ያበጠ አውራ ጣቷን መዳፏ ውስጥ ደብቃለች። አንድም ቃል አልተነፈስኩም፤ ፊቴን አይታ ገባት። ሳቋ ከከንፈሯ ላይ ቀስ እያለ ሲወርድ አየሁት። ጎንበስ አለች፣ ጠጉሬን የምታስተካክልልኝ መስላ።

“ስንት ዙር?” አለች በሹክሹክታ።

“አንድ። ትንሽ ያንሳል።”

“አጥብቂው።”

ዳኛዋ ከኢላማዎቹ ተነስታ ወደ እኛ እየመጣች ነበር። ሃያ እርምጃ ቀርቷታል። ውሃው በሣርና በአረፋ ደፍርሷል፤ ከወገቤ በታች ማንም ምንም አያይም። እጄ አሁንም ብረቱ ላይ ነው። ሦስት ዙር ማዞር የሁለት ትንፋሽ ሥራ ነው።

“ልጄ” አለች ቅርጫት። “ሃያ ስድስት ዓመት። እባክሽ።”

እኔ ግን መብራቴ ሲበራ አይቻለሁ። ውሃው ቀዳዳዋ ውስጥ ዝም ብሎ ሲገባ አይቻለሁ። አሁን አንድ ጊዜ እንኳን ባዞረው፣ ከነገ ጀምሮ “ግራ” ብለው በጠሩኝ ቁጥር የሚዞረው ይህ ከውሃው በታች ያለው እጄ ነው። ጥርሴ በብርድ ይንቀጫቀጫል። ቀዩን ባንዲራ አሰብኩ፣ ኢቫናንና ክንዷን አሰብኩ፣ አንድ ዓመት ሙሉ “ትንሿ” መባልን አሰብኩ።

“አልችልም፣ አክስቴ” አልኳት። ቱታ ለብሰን አክስቴ ማለቴ ራሴንም ገረመኝ።

ሁለቱንም እጆቼን ከውሃው አውጥቼ ወደ ላይ ሰቀልኳቸው።

ቅርጫት ከአንዲት የፖስታ ቤት ሠራተኛ አፍ የማይጠበቅ ቃል ተናገረች።

ዳኛዋ ደረሰች። አየችኝ። ከንፈሬ ሰማያዊ ሆኖ፣ ገንዳ ውስጥ ቆሜ፣ እንደተማረከ ወታደር እጄን ሰቅያለሁ።

“ማን ነው እዚህ የከተተሽ? ገና አላየሁም እኮ!”

“ወረወሩኝ።”

“እጅሽን ለምን ሰቀልሽ?”

“እንዲያዩት።”

“ምኑን?”

 በሕይወቴ ከሦስት ሰው በላይ ባለበት ጮክ ብዬ ተናግሬ አላውቅም። “ማጣሪያው ላልቷል” አልኩ። “በእጄ ዳስሼዋለሁ። አላዞርኩትም።”

ቭላስቲሚል ማይኩን ይዞ ከዳኛዋ ጀርባ ቆሞ ኖሯል። “ማጣሪያው ላልቷል ትላለች!” ብሎ ለሜዳው ሁሉ አወጀ። “አላዞርኩትም ትላለች! እጇም ይኸው፣ ሁለት ነው፣ ቆጥሬያለሁ!”

 ሞተር ከፓምፑ ቀና ብላ ቅርጫትን አየቻት፣ እኔን አየችኝ።  ዳኛዋ የዝናብ ካፖርቷን እጅጌ ሰብስባ ትንሽ አሰበች።

“ላልቷል የሚል ሕግ የለም” አለች በመጨረሻ። “ወድቋል ወይም አልወደቀም ነው ያለው። ቱቦውን አውጡት። አንቺ እጅሽን እንዳታወርጂ።”

መምጠጫና ቅርጫት ቱቦውን ያዙ። ውሃ የሞላው ቱቦ የአንድ ሰው ያህል ይከብዳል።

“ቀስ” አለች ሞተር።

ጎተቱ። ቱቦው በጎኔ በኩል እየተንሸራተተ ሲወጣ ተሰማኝ። ማጣሪያው ጉልበቴን ነካ፣ ጭኔን ነካ።  ቱቦው የገንዳው ጠርዝ ላይ ደርሶ ሲታጠፍ ጠፍጣፋ የብረት ድምፅ ተሰማ፤ ከሕዝቡ መሐል አንዲት ሴት “ኢየሱስ ማርያም!” አለች።

“ቀስ ነው ያልኩት! ጎመን ነው የምትነቅሉት?”

“አንቺ ነይና ጎትቺው!” አለች መምጠጫ።

አንድ ጊዜ ሳቡ። አንድ ጊዜ ደግሞ። ማጣሪያው ከውሃው ወጣ። አንገቱ ዞሮ፣ ውሃ እያንጠባጠበ፣ በአንዲት የብረት ጥርስ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ቅርጫት ዓይኗን ጨፍናለች። ዳኛዋ እጆቿን ጀርባዋ ላይ አጣምራ ጎንበስ አለች። በቀኝ አየችው። በግራ አየችው። ጊዜ ወሰደች። ባለፈው ዓመት የራሰ ልብስ ሁሉ በዚያ እይታ ውስጥ የነበረ መሰለኝ።

ከዚያ ቀና ብላ ነጩን ባንዲራ አነሳች።

ጩኸቱ ገና ከሰው ጉሮሮ ሳይወጣ ማጣሪያው ተላቅቆ ሣሩ ላይ ድብ አለ፣ ተንከባለለ፣ ከዳኛዋ ጫማ አጠገብ ቆመ።

ሁሉም ዳኛዋን አየ። እሷ ወደ ታች አየችው።

“ባንዲራው ከተነሳ በኋላ የሚወድቅ ነገር እኔን አይመለከተኝም” አለችና ወደ ጠረጴዛዋ ሄደች።

ምን እንደጮህን አላውቅም። ሞተር፣ ያቺ ማባበል የማታውቀው ሞተር፣ ከነቦት ጫማዋ ገንዳው ውስጥ ገባች። ቀኝ ተከተለቻት። ማከፋፈያ ዘላ ስትገባ የውሃው ግማሽ ወጣ። ከንቲባው ከሩቅ ቆሞ እያጨበጨበ ሳለ የሁርካ ልጆች ከኋላ ይዘው ወረወሩት። እኔ አሁንም እጄን እንደሰቀልኩ ነበርኩ፤ አውርጂ ያለኝ ሰው አልነበረም።

ከቀትር በኋላ ድንኳኑ ውስጥ ረጅሙን ጠረጴዛ ይዘን ተቀመጥን። ሰባተኛ ወጣን፤ ስምንተኛው ቡድን ፓምፑ አልነሳ ብሎት ነው። ቀኝ የውድድሩን ታሪክ ለሦስተኛ ጊዜ ትተርካለች፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ፍጥነቷ ይጨምራል። እኔ የአባቴን ሹራብ ለብሼ፣ ከጠረጴዛው ጫፍ ሆኜ ጆሮዬን አቁሜ እጠብቃለሁ። አንዷ “ግራ” ብላ ስትጣራ ልቤ ዘለለ።

“አቤት” አለች ግራ ከተቃራኒው ጫፍ፣ ክራንቿን እያነሳች። ከዚያ እኔን አየችኝ። ሁሉም አየኝ። “አቤት አልኩ እኮ” አለች እንደገና፣ ቀስ ብላ። “ምን ፈለግሽ?”

“ዳቦ።”

ዳቦውን አቀበለች። ሳህኔን ማየት ጀመርኩ። ትክክል ነች፤ ስሟ ነው፣ ሃያ ዓመት ሮጣበታለች። ነጭ ባንዲራ አግኝቻለሁ፣ ይበቃኛል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። አልበቃኝም።

ቅርጫት ከገንዳው ወዲህ አላናገረችኝም። አውራ ጣቷን በጨርቅ ጠቅልላ ከፊት ለፊቴ ተቀምጣ ነበር። ቋሊማዋን በግራ እጇ ለመቁረጥ ትታገላለች፤ አልሆን ሲላት ቢላዋውን አስቀምጣ በጥርሷ ገመጠችው። ረጅም ጊዜ አየችኝ። ደግሞ ወደ ጠረጴዛው ዞረች፣ አንድ ነገር ፈለገች፣ አጣችው።

“እጆች” አለች፣ አፏ እንደሞላ። “ሰናፍጩን አቀብዪኝ።”

ቀኝ ታሪኳን አቋረጠች። ሞተር ብርጭቆዋን ከከንፈሯ አጠገብ አቆመች። አንዲት ዝንብ በሰናፍጩ ማሰሮ ዙሪያ ስትዞር ይሰማል። አንዷ እስክትስቅ ጠበቅኩ። ግራን አየኋት፤ እሷ ቋሊማዋን በሹካ ወግታ በጥሞና ታኝካለች።

ማንም አልሳቀም።

ማሰሮውን አነሳሁት። ከባድ የሸክላ ማሰሮ ነው፤ በሁለቱም መዳፎቼ ይዤ፣ አንዲት ጠብታ ሳላፈስ፣ በጠረጴዛው ላይ አሳልፌ ሰጠኋት።

“ደግ” አለች ቅርጫት።

“እጆች!” አለች ሞተር ከወዲያ ጫፍ። “እሷ ስትጨርስ ወደዚህ! እኔም ሰው ነኝ!”

“ለእኔም፣ እጆች!” አለች መምጠጫ።

“ቆዩ፣ አንድ ማሰሮ ነው ያለው!” ብዬ ጮህኩ። በእርግጥ ጮህኩ፤ ቭላስቲሚል እንኳን ከማይኩ ቀና ብሎ ማን እንደሆነ አየ።